ማገዶው ማነው?

ስለ እሳት፣ በግጥማችንና በኑሯችን

በዚህ ግቢ ግጥም የሚጽፍ ሰው ሁሉ እሳት ሳያነድ አያድርም። እስቲ በንባብ ምሽቶች የሰማነውን እናስታውስ፦ ፍቅር እሳት ነው፤ ወጣትነት እሳት ነው፤ እውነት እሳት ናት፤ ትውልዱ ችቦ፣ ብዕሩ ክብሪት ነው። አዳራሹ ሲነድ ያመሽና ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው መብራቱን ያጠፋል። እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን በብርድ ወደየመኝታችን እንበታተናለን። ከዚያ ሁሉ ነበልባል የሞቀው ሰው አላየሁም።

ይህን የምለው ለፌዝ አይደለም። እሳት በግጥም ውስጥ ሲገባ የሥነ ውበት ጉዳይ ብቻ ነው ወይስ የግብረ ገብ ጉዳይም ነው? ጥያቄዬ ይኼ ነው። የእኔ አሳብ ደግሞ የሚከተለው ነው። እሳት ብቻውን አይኖርም፤ የሚለኩሰው አለ፣ የሚሞቀው አለ፣ የሚነደው አለ። «እሳት ነን» የሚል ግጥም የሚለኩሰውንና የሚሞቀውን ያያል። የሚነደውን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እንግዲህ ያን የተረሳውን እንጠይቅ፤ ማገዶው ማነው?

እኔ የሰቆጣ ልጅ ነኝ። በዋግ ኽምራ ደጋ እሳት ከመባሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ «እንጨት አለ ወይ?» የሚለው ነው። አገሩ ድንጋያማ ነው፤ ደን የሚባለው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዙሪያ የቀረው ነው። እንጨት ፍለጋ የሚወጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ የታሰረውን ሸክም ላየ ሰው እሳት የሚለው ቃል ክብደት አለው። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል። ኩበት ሲነድ ደግሞ ማሳው ፍግ ያጣል። ስለዚህ አንድ ምጣድ እንጀራ ሲጋገር የሚቃጠለው ኩበቱ ብቻ አይደለም፤ ከከርሞው እህልም ጥቂት አብሮ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው እሳት ሲባል ከነበልባሉ በፊት ዋጋው ይታየዋል።

ወደ ግጥሙ ከመሄዳችን በፊት ቋንቋችን ራሱ ምን እንደሚል እንስማ። አማርኛ የሰውን ስሜት ለመናገር ከምድጃ ዙሪያ ብዙ ቃል ተውሷል። የተቆጣ ሰው «ነደድኩ» ይላል፤ ንዴት ራሱ ከመንደድ የወጣ ቃል ነው። የተበሳጨ «ተቃጠልኩ»፣ ያዘነ «አንጀቴ አረረ»፣ የባሰበት ደግሞ «ከሰልኩ» ይላል። አሁን ልብ በሉ፤ በእነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ተናጋሪው እሳቱ አይደለም፤ የሚነደው ነው። ነደድኩ ያለ ሰው እንጨት ነኝ ማለቱ ነው። ከሰልኩ ያለም እንዲሁ። አንጀቴ አረረ ያለች እናትማ ራሷን ያየችው እሳት ላይ ተጥዶ በተረሳ ድስት ነው። የሕዝቡ አነጋገር ሰውን በማገዶው በኩል ያቆመዋል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ቀልጣፋና ብልህ ሰው «እሳት የላሰ» ይባላል፤ «እሷ እሳት ናት» ሲባልም ሰምተናል። ይህን ግን ሌላው ስለ እሱ ይለዋል እንጂ ሰውየው ስለራሱ ሲለው አይሰማም፤ ቢልም ይሣቅበታል። በፉከራና በቀረርቶ ጀግናው ራሱን የፈለገውን ሊል ይችላል። ፉከራ ግን የጦር ሜዳ ቋንቋ ነው፤ ፉካሪው ጠላቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ሰሚውም ያውቃል። በሰላም ቀን፣ በአዳራሽ ውስጥ፣ ማንን እንደምናቃጥል ሳንናገር «እሳት ነኝ» ማለትን ያመጣነው ብዕር የያዝነው ሰዎች ነን።

በራሪዋን ነፍሳት እንውሰድ። ማታ ማታ መብራት እየዞረች ክንፏ የሚቃጠለውን። የፋርሱ ገጣሚ አታር ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የፍቅረኛ ምሳሌ አደረጋት፤ ከመብራቱ ጋር አንድ ለመሆን ራሷን የምትሰጥ ነፍስ ናት ለእሱ። የጀርመኑ ጎተም እ.ኤ.አ. በ1819 ባሳተመው የምሥራቅና የምዕራብ ዲዋን ውስጥ ያችኑ ነፍሳት አንሥቶ ሞቷን አመስግኗል። አማርኛስ ምን አላት? «የእሳት እራት» አላት። ስሟ ይኸው ነው። ፍቅረኛ አላላትም፤ ሰማዕትም አላላትም፤ ነገሩን ከእሳቱ በኩል አየና እራት ናት አለ። ይህን ስም ያወጣው ያልታወቀ ሰው ገጣሚ አልነበረም ማን ይላል? ግን የሞትን ውበት ከማድነቁ በፊት ማን ማንን እንደበላ የተናገረ ገጣሚ ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገራችንም ዓይኑ ያለው በማገዶውና በአመዱ ላይ ነው። «ከደረቅ ጋር እርጥብ ይነዳል» ሲል፣ እሳት አንዴ ከተለኮሰ በኋላ ጥፋተኛና ንጹሕ እንደማይለይ ይነግረናል። «እሳት አመድ ወለደ» ሲል፣ የዛሬ ነበልባል የነገ ልጁን እንዲያስብ ያሳስባል። ለሰው ደግ ውሎ ምስጋና ያጣውንም «አመድ አፋሽ» ይለዋል። በየማለዳው ምድጃ ሥር ተንበርክኮ አመድ የሚያፍሰው ማን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ስድብ ብዙ ይናገራል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ቅኔው እንለፍ። በሰምና ወርቅ ትምህርት ያላለፈ ተማሪ በመካከላችን የለም። አንጥረኛው የፈለገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ከዚያም እሳት ያሳየዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቀረው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስሳል። የቅኔ መምህራን ሁለቱን ስሞች የወሰዱት ከዚህ ሙያ ነው፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ተሰውሮ የሚገኘው ወርቅ። ጥሩ ነው። ግን እሳቱ የት ገባ? ሰሙን ያቀለጠው፣ ወርቁንም ያቀለጠው እሱ አልነበረም እንዴ? ከሰሉስ? ወናፉን ሲነፋ የዋለውስ ልጅ? በስያሜው ውስጥ አንዳቸውም የሉም። የሥነ ጽሑፋችን ትልቁ ምሳሌ በእሳት ላይ ተሠርቶ እሳቱን ሳይጠራ ያልፋል።

ይኼ የስያሜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኳችሁ። ነገር ግን ቅኔውን በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት አክብሮ ያኖረ ማኅበረሰብ አንጥረኛውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ከማዕዱና ከጋብቻው ሲያርቅ ኖሯል። ማረሻችንን የሚሠራልን እሱ፣ ምጣዳችንን የምትተኩስልን እሷ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። አዋጅ ወጣ ብሎ ልማድ አይወጣምና ዛሬም ርዝራዡ አለ። እሳትን በቃል የሚያደንቅና በእሳት የሚኖረውን ሰው የሚያዋርድ ሕዝብ ስለ እሳት ሲገጥም ምን ያህል እንመነው? የግብረ ገብ ጥያቄ የምለው ከዚህ ይጀምራል።

ወደ ዘመናዊው ግጥም ስንመጣ እሳቱ ስሙን ይዞ ይወጣል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የግጥም መድበሉን በ1966 ዓ.ም. ሲያሳትም «እሳት ወይ አበባ» አለው። ዓመቱን አስተውሉ፤ አብዮቱ የፈነዳበት ዓመት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ግጥሞች ለጊዜው እንተዋቸውና ርእሱን ብቻ እንመልከት። በመካከሉ አንድ «ወይ» አለ፤ ይህ «ወይ» ለአንባቢ ምርጫ ሆኖ ይሰማል። እሳትና አበባ ሁለቱም ያምራሉ፣ ሁለቱም ቀይ መሆን ይችላሉ፣ ሁለቱም ፈጥነው ያልፋሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድነው? እኔ እንደሚመስለኝ አበባ ሥር አለው፤ ከሚያበቅለው መሬት ጋር ተስማምቶ ይኖራል፤ ሲረግፍም ፍሬ ይተካል። እሳት ግን ማገዶ እንጂ ሥር የለውም፤ የሚኖረው ያቆመውን ነገር እየበላ ነው። ርእሱ ይህን ምርጫ በ1966 ዓ.ም. በአንባቢው ፊት አስቀምጦት ነበር።

ከጸጋዬ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ «በረከተ መርገም»ን ጻፈ። የብዕር ስሙ «ገሞራው» ነበር። ገሞራ ማለት ከምድር ሆድ የሚፈነዳ እሳት ነው። ስሙን ሲመርጥ ያሰበውን እሱ ያውቃል፤ እኔ ግን አንድ ነገር ይታየኛል። ገሞራን ማንም አይለኩሰውም፣ ማንም አያዳፍነውም፤ እንጨትም አይጠይቅም፤ የሚነደው የራሱ ሆድ ነው። ይህ ሰው ዕድሜውን ብዙውን በስደት አሳልፎ በ2007 ዓ.ም. በስዊድን አረፈ። ስለ እሳቱ የከፈለውን ከራሱ ከፍሏል ማለት ይቻላል። እሳት ነኝ ከሚሉ ገጣሚዎች መካከል ክብር የምሰጠው ለእንዲህ ያለው ነው።

ምክንያቱም በዓለም ሥነ ጽሑፍ የታወቀው የእሳት ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። የግሪኮቹ ፕሮሜቴዎስ እሳትን ከአማልክት ሰርቆ ለሰው ሰጠ ይባላል። ቅጣቱን ግን ለማንም አላካፈለም፤ ከዐለት ጋር የታሰረው እሱ፣ ጉበቱን ንሥር የሚበላው እሱ ነው። የእኛስ ታሪክ? ግጥማችንና ተውኔታችን ከሁሉ ነገሥታት አብልጦ የሚወደው አፄ ቴዎድሮስን ነው። ራእያቸው እሳት ነበር፣ ሞታቸው እሳት ነበር እንላለን፤ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን፣ አብያተ ክርስቲያናቱን ጭምር፣ ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። ያ እሳት ምሳሌ አልነበረም፤ ጣሪያ የሚበላ እሳት ነበር። በራሳቸው ላይ ሽጉጥ የተኮሱት ቴዎድሮስና በጎንደር ላይ ችቦ የላኩት ቴዎድሮስ አንድ ሰው ናቸው። ግጥሙ ግን የመጀመሪያውን ይዘምራል፣ ሁለተኛውን ያልፈዋል። ከመቅደላ በኋላ ዙፋኑን የያዙት የእኛው ዋግ ሹም ጎበዜ፣ በንግሥ ስማቸው ተክለ ጊዮርጊስ፣ ሦስት ዓመት ነግሠው ነበር። ስንት ግጥም ተጽፎላቸዋል? ግጥም የሚነደውን ሰው ይወዳል፤ ከቃጠሎው በኋላ የመጣውን አያስታውስም። ይህን የምለው የአገሬን ሰው ላስወድስ ብዬ አይደለም፤ እሳት ዓይን ሲስብ ሌላውን እንዴት እንደሚጋርድ ለማሳየት ነው።

ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ያነበበ አንድ ጓደኛዬ ተቆጣኝ። «አንተ ማገዶ ትቆጥራለህ፤ በብርድ የሞተውንስ ማን ቆጠረው?» አለኝ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ እውነት አለው። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ያኔ ዋግ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች፤ ወሎ ደግሞ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረኃብ አለቀ፣ ረኃቡም ተሸሸገ። እንዲህ ባለ ብርድ ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ ብልኅነት ሳይሆን ከገዳዩ ጋር መተባበር ነው። እሳት ባይለኮስ ኖሮ የሚነቃም የሚበስልም አልነበረም። እስማማለሁ።

ግን ቀጥሎ የሆነውንም አብረን እንይ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የነደደው ማን ነበር? በመጀመሪያ የነደዱት እነዚያው ችቦውን የያዙት ልጆች ናቸው። ከእነሱ ጋር ደግሞ ጎረቤቶቻቸው፣ ታናናሾቻቸው፣ ነገሩን ያልሰሙ ሁሉ ነደዱ፤ ከደረቅ ጋር እርጥብ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚያወሩ አዛውንቶች «ትውልዱ ተማገደ» ይላሉ። መማገድ! እንጨትን ወደ ምድጃ መግፋት ማለት ነው። ይህ ቃል ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፤ ማጋጁንና ማገዶውን። ግጥሞቹ ላይ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ እሳት የሆነው። ማጋጁ ማን እንደነበር በጊዜው የጠየቀ ግጥም ብዙ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይለወጥ ነበር አልልም፤ ገጣሚ ያን ያህል ኃይል የለውም። ቢያንስ ግን ማገዶ የሆኑት ልጆች ማገዶ መሆናቸውን ያውቁ ነበር።

እኛ ዘንድም ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ሲዘልቅ ሰቆጣ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ሰዎችም ወደ ሰቆጣ መጥተው ተጠለሉ። በዚያ ወቅት በሬዲዮም በመድረክም የሚነገረው ሁሉ በእሳት ቋንቋ ነበር፤ ጦርነቱ ተለኮሰ፣ ተቀጣጠለ፣ ተፋፋመ፣ ግንባሩ ጋለ። ነገሩን የሚሰማ ሰው ጦርነት እንደ ሰደድ እሳት በራሱ የሚሄድ፣ ለኳሽ የሌለው ይመስለዋል። ተፈናቃዩ ዘንድ ስትሄዱ ግን ይህ ቋንቋ የለም። እሱ የሚያወራው ስለ በሬው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ልጁ ነው። እሷ ደግሞ በመጠለያው ደጃፍ ሦስት ድንጋይ ጎልታ እንጨት የት እንደሚገኝ ትጠይቃለች። እሳት በጦርነት ዜናና በጉልቻ መካከል አንድ ቃል ነው፤ ነገሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛው ቤት ያፈርሳል፣ ሁለተኛው ቤት ያልሆነውን ቤት ያደርጋል። ገጣሚ ሁለቱን ካልለየ ማን ይለይ?

«እንግዲያው እሳት አይገጠም ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ግጥማችን እጅግ ጥቂት የነካው ሌላ ዓይነት እሳት አለ፤ ስለ እሱ ልናገር።

የግሪኩ ፈላስፋ ሄራክሊጦስ ዓለሙ ሁሉ እሳት ነው ብሎ ሲያበቃ፣ ያ እሳት በልክ ይነዳል በልክም ይጠፋል የሚል አሳብ ጨምሮበታል። ሰዎች የመጀመሪያውን ይጠቅሳሉ፣ ስለ ልኩ ግን ዝም ይላሉ። የእኛ እናቶች ሄራክሊጦስን አላነበቡም፤ ልኩን ግን ያውቁታል። በገጠር ቤት ማታ ከእራት በኋላ እሳት አይጠፋም፤ ይዳፈናል። ፍሙ ይሰበሰብና አመድ ይለብሳል። ያ አመድ፣ የእሳት ከንቱ ልጅ ተብሎ የተሰደበው አመድ፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን አቅፎ ያሳድረዋል። ሲነጋ አመዱ ገለጥ ይደረግና ረመጡ ይታያል፤ ጭራሮ ይደረግበታል፤ እፍ ይባላል፤ ቤቱ ይነሣል። በዚህ ሥራ ውስጥ ነበልባል የለም፣ ጩኸት የለም፤ ሌሊቱን ያሻገረው ግን ይህ ነው። ግጥማችን ውስጥ ስንት ነበልባል አለ? ረመጥስ ስንት አለ? «የተዳፈነ እሳት» ስንል እንኳ አንድ ቀን የሚፈነዳ ቂም ማለታችን ነው፤ ለነገ ቁርስ የተቀመጠ እሳት ማለታችን አይደለም።

ሌላም አለ። ሌሊት ረመጡ የጠፋበት ቤት ልጁን ገል አስይዞ ወደ ጎረቤት ይልካል፤ እሳት ልትጭር። ዛሬ ክብሪት በየሱቁ አለና ይህ እየቀረ ነው፤ ሆኖም ትምህርቱ አልቀረም። እሳት የሰጠ ቤት እሳቱ አይጎድልበትም። እህል ብታበድር ጎተራህ ይጎድላል፤ እሳት ብታካፍል ምድጃህ እንደነበረ ነው። አሁን ደግሞ ቃሉን ተመልከቱ፤ ከጎረቤት ፍም መውሰድም «እሳት መጫር» ነው፣ በሰዎች መካከል ጠብ ማስነሣትም «እሳት መጫር» ነው። አንድ ግስ ለመልካም ጎረቤትና ለነገረኛ! ልዩነቱ ከእሳቱ አይደለም፤ እሳቱን ተሸክሞ ከሚሄደው ሰው አሳብ ነው፤ ወደ ምድጃ ነው የሚወስደው ወይስ ወደ ሰው ጣሪያ?

ዋግ የማር አገር ነው፤ ነጭ ማሩን የማያውቅ ካለ ይቅመስ። ማር ቆራጭ ወደ ቀፎው የሚገባው ጢስ ይዞ እንጂ ነበልባል ይዞ አይደለም። ንቦቹ ገለል እንዲሉ እንጂ እንዲያልቁ አይፈልግም፤ ካለቁ የከርሞው ማር የለም። የዚያ ቀፎ ሰም ነው በአንጥረኛው እጅ ለወርቅ ቦታ የሚለቀው፣ በጧፍ ሆኖም በቤተ መቅደስ የሚነደው። ገጣሚም ሰውን ለማንቃት እሳት ካስፈለገው የማር ቆራጩን ልክ ይማር እላለሁ።

በመጨረሻም ደመራ አለ። በመስከረም 16 ማታ ወይም በ17 ንጋት፣ እንደየአገሩ ልማድ፣ የሚነደው ደመራ በ2006 ዓ.ም. ከመስቀል በዓል ጋር በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እኔን የሚገርመኝ ግን መመዝገቡ ሳይሆን አሠራሩ ነው። ስሙ ከመደመር የመጣ ነው፤ ሰው ሁሉ እንጨቱን ከየቤቱ ይዞ ይመጣል። ሀብታሙም አንድ እንጨት፣ ድሃውም አንድ እንጨት። ቀኑ ይታወቃል፤ ቦታው ይታወቃል፤ ከቤትና ከክምር የራቀ ሜዳ ነው። ሲነድ ሕዝቡ በዙሪያው ቆሞ ወደየት እንደሚወድቅ ያያል። ሲያልቅም አመዱ አይጣልም፤ ሰዉ በግንባሩ ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባዋል። እስከዚህ ድረስ ስጠይቅ ለመጣሁት ጥያቄ በዚህ ቦታ መልስ አገኛለሁ፤ በደመራ ላይ ማገዶው የሁሉም ነው። ማንም በሌላው እንጨት አልሞቀም፤ ማንም የሌላውን ቤት ምሰሶ ነቅሎ አላመጣም። ብርሃኑ የሁሉ ነው፤ አመዱም የሁሉ ነው።

ስለዚህ እሳት የሚገጥም ሰው ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እሻለሁ። ማን ለኮሰው? ማገዶው ማነው? አመዱን የሚያፍሰው ማነው? ለሦስቱ መልስ ያለው ግጥም ይንደድ፤ እኔም አብሬ እሞቃለሁ። ገጣሚው ማገዶው እኔ ነኝ ካለም ይሁን፤ የገሞራው መንገድ ነው፤ ግን ይክፈል። ማገዶው ሌላ ሰው ሆኖ፣ ያ ሰው ሳይጠየቅ፣ እሱ መድረክ ላይ ጭብጨባ የሚሞቅበት ግጥም ግን ሳንቲም ሳይከፍል በሰው ኩበት እንደሚጋግር ሰው ነው። ከርሞ ማሳው የሚራበው የሌላው ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለተቃውሞ የሚሆን ገጽ በሚቀጥለው እትም እንደሚተዉ ነግረውኛል። ጓደኛዬ የብርዱን ነገር አስፍቶ እንዲጽፍ ለምኜዋለሁ፤ ሌሎቻችሁም ጻፉ። መልስ የሚሰጠኝ ሰው ግን፣ እባካችሁ፣ እሳት ከማለቱ በፊት እንጨቱን ይቁጠርልኝ።